ከዜሮ በታች አርባ

ሒርማታ ገበያ፣ ከበርበሬው ተራ ወረድ ብላ ያለች፣
ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ግድግዳዋ ቆርቆሮ፣ ጠባብ ቤት ነበረች፤
ሰም እናቀልጥባት ነበረ በጋራ፣
እኔና ወንድሜ፣ ሚፍታ አባ ዱራ።
ሰማችን ወርቅ የለው፤ ዋጋው በኪሎ ነው፣
ቢጫ ከሆነ ነው ነጋዴ የሚያነሳው።

አንድ ቀን ገዢያችን ወረቀት ሰጠና፣
«ከመቶ ሰማንያ አምስት እንዳያልፍ» አለና፣
ቁጥሩን ብቻ ጻፈ፤
የማን ዲግሪ እንደሆን ሳይነግረን አለፈ።
የኛ ቴርሞሜትር፣ ከዩኒቨርሲቲው ጨረታ የወጣ፣
አፉን በሴልሺየስ የፈታ።

ሚፍታ እሳት ጨመረ፤ ዘጠና፣ መቶ አሥር፣
መቶ ሃምሳን ሲያልፍ፣ ጭሱ ዓይን ሲያስር፣
«ገና ነው» ይለኛል፣ በጭሱ ደንዝዞ፤
አንድ በርሜል ሰም ሄደ፣ ቢጫነቱን ይዞ።

ያን ማታ ያልሁትን እዚህ አልደግመውም።
በድሃ ቤት የሚባል ነው፤ ቢሆንም አይባልም።
ሚፍታ መልስ አልሰጠኝ፤ ጃኬቱን አንስቶ፣
በቦንጋ አይሱዙ ሄደ፣ ዝናብ ውስጥ ገብቶ።

ከሳምንት በኋላ፣ የማታው ክፍል ውስጥ፣
መብራቱ ሲመጣ፣ መብራቱ ሲቋረጥ፣
መምህር አወል ሰምን ምሳሌ አደረጉ፣
ከስንቱ ነገር ውስጥ እሱን ፈለጉ።
«መቅለጥ አካላዊ ነው፤ ቢቀልጥም ሰም ነው፣
ቀዝቀዝ ሲል ይረጋል፣ ያው የበፊቱ ነው።
መንደድ ኬሚካላዊ፤ የነደደ አይመጣም፣
አመድ ቢቀዘቅዝ እንጨት ሆኖ አይወጣም።»
ቀጠሉ፦ «ፋራናይት ሲሰጥ፣ ሠላሳ ሁለት ቀንሳችሁ ጣሉ፣
በአምስት አባዝታችሁ ለዘጠኝ አካፍሉ።»

መዳፌ ላይ ሠራሁት በቢክ እስኪርቢቶ፦
መቶ ሃምሳ ሦስት ሆነ፣ ሠላሳ ሁለት ወጥቶ፤
ለዘጠኝ ሲካፈል አሥራ ሰባት መጣ፣
በአምስት ሲባዛ፣ ሰማንያ አምስት ወጣ።

ሰማንያ አምስት።
ሚፍታ ቁጥሩን አልሳተም፤ በልክ ነው ያነበበው፣
ቋንቋው ነው የተሳተው።

እጄን አወጣሁ፦ «መምህር፣ ክፉ ቃልስ?
ይቀልጣል ወይስ ይነዳል?»
ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤
«ፈተና ላይ አይመጣም» አሉ፤ ሰሌዳውን ግን ቶሎ አልጠረጉም።

በር ላይ ጠብቀው ነገሩኝ፦ ሁለቱ መለኪያ የሚስማሙበት አንድ ቦታ አለ፣
ከዜሮ በታች አርባ። እዚያ መቀነስ የለ፣ ማካፈል የለ።

ጅማ እንዲያ አይበርድም።
አዌቱ ሞልቶ በሚጮህበት ክረምት እንኳ አንድ ሹራብ ይበቃል።
እንግዲህ ከሁለት አንዳችን ቁጭ ብሎ ይቀንሳል።

ዛሬ ቦንጋ ደወልሁ።
ከራሴ ላይ ሠላሳ ሁለት ቀንሻለሁ።
ስልኩ ይጠራል።