መስመር አለ?

ሠላሳ አንድ ዓመት ለቴሌ ሽቦ ሳዳምጥ ኖርኩ፣
ከለገሃር እስከ ፒያሳ ጉድጓድ ወረድኩ፣ ምሰሶ ቆጠርኩ፣
«ሃሎ፣ መስመር አለ?» ስል ሸበትኩ።
ቱ ካለ፣ ነፍስ አለው።
ጭጭ ካለ ግን
ወይ ጎርፍ ገብቶበታል፣ ወይ ሌባ ቆርጦታል፣
ወይ አይጥ ከመሬት ሥር እራት አድርጎታል።

አሁን መስመሩ እኔው ውስጥ ነው።
ግራ ክንዴ ላይ፣ ከእጄ አንጓ ከፍ ብሎ፣
ደም ቅዳ ከደም መልስ ተሰፍቶ፣ ተቀጥሎ፣
ቆዳዬን ገፍቶ ተጋድሟል እንደ ወፍራም ገመድ።
ሐኪሙ ስሙን «ፊስቱላ» ቢለኝ
ጎረቤቴ እታፈራሁ አፏን ይዛ፦
«ውይ! ለወንድም ጀመረው?»
በሳምንት ሦስቴ ሁለት መርፌ ይሰካበታል፤
ደሜ ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ተጣርቶ ይመለሳል።
በሌላው ሰዓት ጣቴን ሳሳርፍበት
ዳገት ላይ እንደቆመ ሚኒባስ፣
ሞተሩ እንዳልጠፋ፣
ውስጥ ውስጡን ይርገበገባል።

ሲስተር መሠሉ፣ ልብስ እንደሚያጥፍ ሰው፣
አንድ በአንድ ነገረችኝ፦
«በዚህ እጅ ግፊት አያስለኩ።
ዘንቢል አያንጠልጥሉ፣ ሰዓት አይሰሩ፣ አይንተራሱት።
ጠዋት ሲነሡ፣ ማታ ሲተኙ ይዳስሱት።
ከቀላ፣ ካበጠ፣ ካተኮሰ፣ መግል ከያዘ፣
ጣትዎ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ፣
ድምፁ ተለውጦ ፉጨት ፉጨት ካለ፣
ወይ ከናካቴው ከጠፋ፣
ነገ የሚባል ቀን የለም። ያኔውኑ ይምጡ።»

የሐምሌ ዝናብ፣ ለሐሙስ አጥቢያ።
ረቡዕ ከእጥበት ስነሣ ግፊቴ ወርዶ፣
ግድግዳ ይዤ ነው የወጣሁ፣ ዓይኔን ጭጋግ ጋርዶ።
በለጥሻቸው እጇን ክንዴ ላይ ጥላ ነው የምትተኛ፤
ያለዚያ ንዝረት እንቅልፍ እምቢ ይላታል።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብድግ አለች።
«ምን ቀሰቀሰሽ?»
«ዝም አለ።»
ጆሮዋን አስጠጋች፣ ትንፋሿን ያዘች፤
ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ብቻ።
«ተነሥ፣ መስመርህ ጠፍቷል።»
እኔማ «እስኪነጋ» ልል ነበር።
ሰው የሌላውን ብልሽት በሌሊት ሮጦ ሲጠግን ኖሮ
የራሱ ሲሆን «እስኪነጋ» ይላል።
እሷ ጫማዋን አድርጋለች። በሩን ከፍታ ጮኸች።

ሠፈራችን እሪ በከንቱ ይባላል፤
ያን ሌሊት እሪታዋ ከንቱ አልሆነም፤
አቶ ዘርጋው ላዳውን አስነሣ፣
በቸርችል ቁልቁል ከጎርፉ ጋር ወረድን።

ተረኛው ዶክተር ፍሬስብሐት፣ በዕድሜ ልጄ ይሆናል፣
ቀዝቃዛ ቅባት ቀብቶ ክንዴን በስክሪን ላይ ፈለገ።
«እዚህ ጋ ጠቧል፤ እዚህ ጋ ደም ረግቷል።
ደግነቱ ቶሎ መጣችሁ።»
ስንት ጊዜ አምባሳደር ጋ ጉድጓድ ውስጥ ተንበርክኬ
ጭቃ የደፈነውን ቧንቧ በሽቦ ከፍቻለሁ!
እንደዚያው ነው፤ ቀጭን ቱቦ ሰደደ፣ ጫፉ ላይ ፊኛ ነፋ፣
የረጋውን ጎትቶ አወጣ፤
ጥቁር፣ ትንሿን ጣቴን የሚያክል።

ከጎኔ አልጋ ላይ አንዲት ልጅ፣ መንበረ፣
የሷ ሦስት ቀን ዝም ብሎ ነበር።
«ፈተና ላይ ነበርኩ» አለች።
አሁን አንገቷ ላይ ሁለት አፍ ያለው ቱቦ፤
ሻርፕ ጠምጥማበታለች።
ሌላ አልጠየቅኳትም።

«ጠባቡ ቦታ ያው አለ፤ ተመልሶ ሊደፈን ይችላል፣
በየጊዜው እንየው» አለ ዶክተሩ።
አውቃለሁ።
የተቀጠለ ሽቦ ዕድሜ ልኩን ይጠበቃል።

ሲነጋ፣ ዘበኛው አላስገባ ብሏት
በር ላይ ለቆመችው ለበለጥሻቸው ደወልኩ።
«ሃሎ፣ መስመር አለ?»
ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ ክንዴ ላይ አስጠጋሁት።
ቆየች።
ከበስተኋላዋ ጡሩምባ፣ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» የሚል ረዳት።
«አለ» አለች።
ደግሞ ወዲያው፦
«ሰማህ? ቁርስ ብለው ሙዝ ቢሰጡህ
እንዳትበላ።»