ሁለት ጊዜ ማክሰኞ

ሉዝሚራ፣
አንቺ የሄድሽ ሰሞን፣ አባባ ከአሮጌ ዕቃ ተራ
ቀለሙ የተላጠ ሉል ታቅፎ መጣ፣
መነጽሩን ገፋ አድርጎ ከመሳቢያው ጥቁር ክር አወጣ።
ሳንቲያጎ ላይ በመርፌ ወጋው፣
ወጠረው፣ ወጠረው፣ ኦክላንድ ላይ በጥፍሩ ያዘው።
ክሩ በባሕሩ መሀል አልሄደም፤ ቁልቁል ወረደ፣ ወደ በረዶው፤
"አየህ ዋልዶ?" አለኝ፣ "አቋራጩ በብርዱ በኩል ነው።"

ከዚያ በእጁ ለካ፦ ስንዝር ከጣት።
ጻፋት
በልኬት ደብተሩ፣ ከአንድ የሹፌር ወገብና
ከአንዲት ሙሽራ እጅጌ መሀል፣ በእርሳስ፣ አስምሮባት።

እኔ የአየር መንገዱን ነገርኩት፣ ከወረቀት አንብቤ፦
ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ከምናምን፣ አስራ አንድ ሰዓት በሰማይ፤
ማክሰኞ ማታ በአስራ ሁለት ተነስታ
ቀን በሰባት ትገባለች፣ እዚያው ማክሰኞ ላይ።
"ሳትነሳ ደረሰች በለኛ!" ሳቀ፣ ሳል እስኪያቋርጠው፤
"አርባ ዓመት ስሰፋ ስንዝር ጨርቅ አልተረፈኝ፣
አምስት ሰዓት ሙሉ ከየት ተቆርጦ ነው?
ስትመጣ ታሳየኝ ያችን ቁራጭ፤ ለደረት ኪስ ትሆናለች።"

ማክሰኞ ረፋድ፣ አራት ሰዓት ላይ፣ አባባ አረፈ፣
ያ በመርፌ የተበሳሳ ጣቱ እጄ ውስጥ እንዳለ።
አንቺ ያን ጊዜ ከበረዶው በላይ ነሽ፣ ስልክ ከማይደርስበት፣
ምናልባት ተኝተሽ፣ ምናልባት መስኮት ተደግፈሽ፣
ምናልባት ሻይሽን ስኳር ስትጨምሪበት።

አክስት ኦርፌሊናን አጠገቡ ትቼ አየር ማረፊያ ቆምኩ።
ሰሌዳው "በሰዓቱ" ይላል።
እዚህ ሞቷል፤
እዚያ፣ አንቺ ወንበር ላይ፣ ቀበቶ ታጥቆ፣ ገና ይኖራል።
እንዲህ ለምኜ አላውቅም፦ ንፋስ ይግፋው ወደ ኋላ፣
ጭጋግ ይውረድ፣ ይዙር፣ ይዙር በከተማው ላይ፣
እግሩን አያውጣ፣ ይመለስ ወደ ሌላ...

አስራ ሁለት ደቂቃ ቀድሞ አረፈ።
አስራ ሁለት ደቂቃ ከአባባ ዕድሜ ተገፈፈ።

ወጣሽ። በብብትሽ የሱፍ ጨርቅ ጥቅል፣ ግራጫ፣ ለኮት የሚሆን።
ፊቴን አየሽው።
ጥቅሉን ወለሉ ላይ አስቀመጥሽው በቀስታ፣ ልክ እንደ ብርጭቆ።

ማታ፣ ጎረቤት ወንበር ሲያዋጣ፣
የግድግዳው ሰዓት አስራ ሁለት ሲል፣
"አሁን ነው የተነሳሁት" አልሽኝ፣ "ሻንጣዬን አሁን ነው የዘጋሁት።
በዚህ ሰዓት፣ ማክሰኞ፣ በሕይወት ነበረ።"
ምን ይባላል? ደብተሩን ከፈትኩልሽ።
ክሩ ገጹ ላይ ነበረ፣ በመርፌ ተይዞ።
ከአውራ ጣትሽ እስከ ትንሿ ጣትሽ ዘርግተሽ ለካሽው፤
ያንቺ ስንዝር ከእሱ ስንዝር ያጥራል፤
ሁለት ጣት ያህል ክር
ተርፎ ተንጠለጠለ።