ጥዝታ

ከባቡር ጣቢያው ፊት፣ ከብረቱ ጉልላት ሥር፣
መድረክ ስናቆም ዋልን፣ ማፑቶ፣ ከባሕሩ ዳር።
ሽቦ ስጎትት ነው የዋልኩት፣ መዳፌ እስኪላጥ፤
ሥራዬ ድምፅ ነው፦ ሲያንስ መጨመር፣ ሲበዛ መቁረጥ።

«አንድ ነን» ይላል ሸራው፣ በሦስት ቋንቋ ተጽፎ፣
የባሕር ነፋስ ይነፋዋል፣ ያጥፈዋል አልፎ አልፎ።
ከሥሩ ማማ ፌሊዛርዳ ባጂያ ትጠብሳለች፣
«አንድ ከሆናችሁ በዱቤ የበላችሁትን ክፈሉኝ» ትላለች።

ልምምድ ላይ ነገር ተነሣ፤
ስድብ የሌለው፣ ሽማግሌ የማያስታርቀው፣ የማይገባው ካሳ።
ዜፋኒያስ ከዛቫላ የመጣ ነው፣ ቲምቢላ ሠሪ፤
ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው፣ እጁ ጠራቢ፣ ጆሮው ቆጣሪ።
ከጋምቢያ የመጣው ሲሪፎ ሃያ አንድ የኮራ ክሩን ወጥሮ፣
«አይገጥመንም፣ አባት» አለ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ አፍሮ፤
«ያንተ አራተኛ ከኔ ከፍ ይላል፣ ስድስተኛህ ዝቅ፤
እንጨት ደግሞ እንደ ክር አይላላ፣ አይጠብቅ።»
ሽማግሌው ሳቀ፦ «በአባቴ ጆሮ ነው የተጠረበው፤
ሙት ቀስቅሼ ‹እባክህ ትንሽ ዝቅ አርገው› ልበለው?»

እኔም የራሴ ጣጣ ነበረኝ፤ ከቅሎቹ ሆድ የሚመጣ፣
ጥዝ የሚል፣ እንደ ንብ ቀፎ፣ ከየማይኩ የሚወጣ።
ቅሉ ላይ ቀዳዳ አለ፣ ስስ ሽፋን የተለበጠበት፣
እንጨቱ በተመታ ቁጥር ሽፋኑ የሚነዝርበት።
ብልሽት መሰለኝ። ቁልፉን አዞርኩ፣ ቆረጥኩት።
የቀረው ድምፅ እንደ ታጠበ ሳህን ጠራ። ወደድኩት።

ዜፋኒያስ መምቻውን አስቀምጦ መጣ፣ በዝግታ፦
«ልጄ፣ የት አደረስሽው የእንጨቴን ጥዝታ?»
«ጫጫታ ነው» ብለው፣ «ጫጫታስ ያ» አለኝ፣ እያሳየኝ የሚኒባሱን ጥሩምባ፤
«ይሄ እስትንፋሱ ነው። እንጨት ብቻውንማ ግንድ ነው፣ ነፍስ ያልገባ።»

ሰዉ ጎረፈ፣ ከማፋላላ፣ ከሻማንኩሎ፣
ልጁን ትከሻው ላይ ጭኖ፣ ወንበሩን አንጠልጥሎ።
አንድ ባለሥልጣን ስለ አንድነት ተናገረ፣ ሃያ ደቂቃ፤
ማማ ፌሊዛርዳ ሁለት ድስት ሸጠች፣ «በመጨረሻም» ያለው ሳያበቃ።

በሁለተኛው ዜማ ላይ፣ ኮራና ቲምቢላ ሲገናኙ፣
እንደ ተኮራረፉ ባልና ሚስት ጀርባ ተሰጣጥተው ሲተኙ፣
መብራት ጠፋ።

ድርግም።
አምፖሉ፣ ማጉያው፣ የእኔ ጠረጴዛ፣ ሠላሳ ሁለት ቁልፉ ሁሉ፤
ከወደቡ አንዲት መርከብ ጮኸች። ሰዎች «ውይ!» አሉ።
ከዚያ ሰማነው፤ ከጨለማው፣ ከቅሎቹ ከርስ፣
መጀመሪያ እንደ አንዲት ንብ፣ ኋላ እንደ መንጋ፣ እግራችን ሥር ድረስ።
ሰዉ «እሽ» እየተባባለ፣ ዝምታው ወደ ኋላ ሄደ፣
ጥዝታውም ተከትሎት እስከ ጣቢያው በር ነጎደ።

ሲሪፎ ክሩን ሳይነካካ፣ እንዳለ ገባበት፤
አራተኛው ከአራተኛው ጎን ቆመ፣ ራቅ ብሎ፣ ሳይገጥምበት።
በመሃል ያለችው ጠባብ ክፍተት ተንቀጠቀጠች፤
እንደ ጎረቤታሞች የጋራ አጥር ዘመመች እንጂ አልወደቀች።
የኪንሻሳው ጊታረኛ፣ ጊታሩ እጁ ላይ ሞቶ፣
በጫማው ተረከዝ መድረኩን መታ፣ ሌላ የሚያደርገው አጥቶ።
ልጆች ጨፈሩ፣ የማን ልጅ የማን እንደሆነ ሳይለይ፤
ስድስት ዓመት ሙዚቃ ስለካ ኖሬ፣ ያን ምሽት ሰማሁ፣ ከሰው ሳልለይ።

በአሥራ አንድ ደቂቃ መብራቱ መጣ። ሽማግሌው ከመድረክ አየኝ።
ጣቴን ከቁልፉ ላይ አነሣሁ፤ ይለፍ አልኩ፣ ይደር።
በማግስቱ አንድ ሰው ጻፈ፦ «ማጉያችሁ ተቀዷል፣ ጥዝ ይል ነበር።»

ሌሊት ሽቦ ስንጠቀልል ሲሪፎ መጣ፣ ከንፈሩ በዘይት ወዝቶ፣
«አራተኛው አሁንም ከፍ ይላል» አለ፣ ባጂያውን ገምሶ ለሽማግሌው ሰጥቶ።
ዜፋኒያስ በላ። አልተከራከረም።
ማማ ፌሊዛርዳ ሸራውን ፈታ አጠፈችው፦ «ይሄ በዱቤዬ፤
ነገ ይዘንባል ብለዋል፤ እሳቱ አይጥፋ፣ አይራስ ምድጃዬ።»