ምናልባት ኮድ የለውም

ኮይምባቶር ላይ ሌሊት፣ ኦሃዮ ላይ ቀትር፤
ቴንሞሊ ታነባለች የሰው ሕመም በመስመር።

የሰባ አንድ ዓመት ሰው፣ ሹፌር፣ የከባድ መኪና፤
"ስሸና ያቃጥለኛል፣ እንደ ምላጭ..." ገና
ሳይጨርስ ሐኪሙ አሳጥሮ ጻፈና
"የፊኛ ኢንፌክሽን፣ ምናልባት" አለና
ዘጋው።

ምናልባት ኮድ የለውም።
ሕጉ ነው፦ ያልተረጋገጠ በሽታ
በተመላላሽ መዝገብ አያገኝም ቦታ፤
ሕመሙ ብቻ ይጻፍ፣ የተሰማው ስሜት፦
አንዲት ፊደል፣ ሠላሳ፣ ነጥብ፣ ዜሮ።

ግድግዳ ተደግፎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣
ጠብታ ሲጠብቅ የነጋበት ሌሊት
ዜሮዋ ውስጥ ገባ።

ከታች ነርስ ዶሪን አንድ መስመር ጥላለች፦
"ሚስቱ ውሃ ቀድታ 'ጠጣ' ትለው ነበር፤
ካረፈች ወዲህ አይጠጣም።"
ለዚህም ቁጥር አለ፤ የሚከፍልበት ግን የለም።

ቴንሞሊ ሰዓት አየች። ሃያ ስምንት መዝገብ ይቀራታል፤
የእረፍቱ ሰባት ደቂቃ ለመጸዳጃው ሰልፍ እንኳ ያንሳል።
ከምሽት ጀምራ ይዛ፣ እግሯን አጣምራ፣
ጠርሙሷ እንደ ሞላ፣ ክዳኑ ሳይፈታ፣

"ጠጣ" የምትለውን ቃል አንዴ ደግማ አየቻት፤
ወደ ቀጣዩ አለፈች።