ሻንጣ አመላላሽ

እነሱ በእግር ይወጣሉ፣
እኔ በጎማ እዞራለሁ፤
ማታ የሚያርፉበት መንደር
ጓዛቸውን ቀድሜ አደርሳለሁ።

ስሜ ሊኩርጎስ ይባላል፣ ጉልበቴ ከከዳኝ ቆየ፤
የታይጌቶስን አናት ዓይኔ እንጂ እግሬ ዳግመኛ አላየ።

መንገዱን ግን አውቀዋለሁ።
ድንጋዩን ሁሉ በቅሏችን በናሏ ፈቅፍቃዋለች፣
አባቴ በስሟ ሲረግማት፣ እሷም ችላ ሰምታለች።
ዘይቱን በፍየል ስልቻ ወደ ባሕሩ የምንወርድበት፣
ጨውና ክብሪት ተሸክመን በጨለማ የምንወጣበት፣
እናቴም አንድ የካቲት
በመሰላል ተጋድማ የወረደችበት፣
ያልተመለሰችበት።

ጊዜ ደግሞ ቀልድ ያውቃል፤
እኛ እግዜር ይገላግለን ያልነውን ዳገት
ዛሬ ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ
በቀን ይህን ያህል ብሎ ይከፍልበታል።

መሪያቸው የእህቴ ልጅ ናት፣ አርጊሮ፣ ፀሐይ ያከሰላት፣
"ቀስ በሉ፣ ድንጋዩ ያዳልጣል" ማለት የማይሰለቻት።
የአበባውን ስም በሦስት ቋንቋ ትጠራለች፤
የፈረሰው ቤት ሲደርሱ ግን
"ሰዎች ይኖሩበት ነበር" ብላ ታልፋለች።
የእኛ ቤት ነው። በለስ በጣሪያው ወጥቷል።
ስለ በለሱ ይጠይቋታል፤
ስለ በለሱ ትነግራቸዋለች።

እኔ ሰውን የማውቀው በሻንጣው ክብደት ነው።
ጠበቃው ሁለት ጠርሙስ ደብቋል፤ በየመታጠፊያው ይንኳኳል።
የኔዘርላንዶቹ እህትማማቾች
ለስምንት ቀን የስምንት ዓመት ልብስ ይዘዋል።
ይሁን፤ ወገብ የተሠራው ለዚህ ነው።

በመስከረም መጨረሻ ግን አንዲት ሴት መጣች፣
ረጅም፣ ብቻዋን፣ ስሟ ኢንግቦርግ፣
ባሕሩ በረዶ ከሚሆንበት አገር።
ሻንጣዋ ትንሽ፣ ግን ከባድ፤
እጀታውን ሳነሳ ከውስጡ አንድ ነገር
እንደ ሁለት የተኙ ድመቶች ጎኑን ይቀይራል።

በመጀመሪያው መንደር ከባድ።
በሁለተኛውም ከባድ።
በሦስተኛው፣ ምንጩ አጠገብ፣ ስፌቱ ተተረተረ፤
ልጠግነው ስል አየሁት፦ የወንድ ጫማ፣
የተራራ ጫማ፣ ቁጥሩ አርባ አራት፣
ማሰሪያው ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ፣
ጭቃው ሳይጠረግ የደረቀ።
የእኛ አፈር ቀይ ነው። ያኛው ጥቁር።
ስፌቱን በሲባጎ ሰፋሁት፤
አፌንም አብሬ።

ለአርጊሮ አልነገርኳትም።
ለሚስቴ ለስታማታ ብቻ፤
እሷም ምስር እየለቀመች ቀና ሳትል
"ታዲያ ምን ይደረግ?" አለችኝ፣
"የሞተበት ሰው የያዘውን ይዞ ይሄዳል።"

በስድስተኛው ቀን ሻንጣው ቀለለ።
ሙሉ መስሎት ባዶ ጋን እንዳነሳ ሰው
ወደ ኋላ ተንገዳገድኩ።
እሷ ከባሕሩ ዳር ከሌሎቹ ጋር ተቀምጣ
የተጠበሰ ኦክቶፐስ በጣቷ ትበላለች፣
አፍንጫዋ በፀሐይ ተልጧል፣
ጠበቃው በተናገረው ትስቃለች።
ስትሄድ እጄን ጠበቅ አድርጋ ጨበጠች።
ስለ ክብደቱ አንዳችም አላልን።

ኅዳር ገባ። እንግዳው አለቀ፣
ከየወይራው ሥር መረብ ተነጠፈ።
ቫኑን ከአደባባዩ አቁሜ ዱላዬን አነሳሁ።
"ወዴት?" አለች ስታማታ።
"እዚሁ ነኝ።"
እዚሁ ያልኩት ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ፤
አርጊሮ በአርባ ደቂቃ ትወጣዋለች።

ጫማው ከነቢዩ ኤልያስ ጸሎት ቤት ደጃፍ ነበር፣
ጎን ለጎን፣ አፍንጫው ወደ ባሕሩ፣
ሰውየው አውልቆት ሊዋኝ የወረደ ይመስል።
ደመናው ከባሕረ ሰላጤው ተነስቷል፤
ዝናብ እንዳያገኘው ከክፈፉ ሥር አስገባሁት፣
ቅርጹን እንዳይስት በጋዜጣ ልሞላው አልኩና፣
ከዚያ በፊት፣ ማንም ስለሌለ፣
እግሬን በአንደኛው ከተትኩ።

ሰፋኝ።

አውልቄ ጋዜጣውን ጠቀጠቅኩበት፣
አፍንጫውን ወደ ባሕሩ መለስኩት።
ከዚያ ቁልቁል፣ በበቅሏችን መንገድ፣
በለሱን አልፌ፣
በዚያ ዳገት ለመጀመሪያ ጊዜ
ምንም ሳልሸከም ወረድኩ።

ጉልበቴ እስከ ገና ድረስ ሲሰድበኝ ከረመ።