ልክ

ቢሯችን ከዚራ ነው፣ ፎቅ ላይ፤
በመስኮቱ ኒም፣ ከኒሙ ሥር ባጃጅ፣
ከላይ የሚያቃስት ማራገቢያ።
አምስት ሥራ አለን፤
አንዱ ለደረቅ ወደብ ኮንቴይነር የሚቆጥር፣
አንዱ የፋርማሲ፣ አንዱ የባጃጅ ማኅበር፣
የሳቢያን ትምህርት ቤት ውጤት የሚደምር፣
አምስተኛው ገና ስም ያልወጣለት ጅምር።

አምስቱም በየጓዳው አንድ ፋይል ነበረው፣
"እንዲህ ተገንባ፣ እንዲህ ተፈተሽ" የሚለው።
ነጂብ ከመጀመሪያው ቀድቶ ለሁለተኛው ሰጠ፣
ሁለተኛው ለሦስተኛው አበደረ።
ያኔ መንታ ይመስሉ ነበር።
በዓመቱ መንገድ ላይ ቢገናኙ አይተዋወቁም፤
ፈቲያ በአንዱ ላይ ስሪት ከፍ አድርጋ ለማንም አልነገረችም፣
እኔ በሌላው የማስጠንቀቂያውን አፍ ዘጋሁ፣
"ለዛሬ ብቻ" ብዬ።
ዛሬው ስምንት ወር ሆነው።

ሐሙስ ማታ፣ ደቻቱ ደረቅ አሸዋ፣
ሰማዩ በደንገጎ በኩል እያጉረመረመ፣
ፋርማሲው አልቆም አለ።
ሂንዲያ ወንበሯን ስባ፣ "የማን ፋይል ነው ልክ?" አለች።
አምስታችንም በአንድ አፍ፦ "የእኔ።"

ሌሊቱን ትዝ ያለኝ የአባቴ ሚስማር ነው።
አባቴ ሮብሌ፣ ባቡሩ ባቡር በነበረ ጊዜ፣
አቴሊዬ ሠላሳ ዓመት ብረት ሞርዷል።

ግድግዳው ላይ ሚስማር፣ ሚስማሩ ላይ ብረት፤
ርዝመቱ አንድ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት።
ሞራጅም በያጅም፣ ጎማ ገጣሚ ሰው፣
ልክ አይመጣለትም፤ ራሱ ነው ሚሄደው።
አንድ በጋ አንድ ሰነፍ፣ መመላለስ ታክቶት፣
በእንጨት ቀርጾ ያዘ፣ በኪሱ ውስጥ ከቶት፤
የድሬ ፀሐይ ግን ለእንጨት አታዝንም፤
ጥፍር ታህል ጎብጦ ዓይን እንኳ አይለይም።

ፉርጎው ሽንሌ ሳይደርስ ከሐዲድ ወረደ።
ሰው አልሞተም። አሥር ጆንያ ሽንኩርት ፈሰሰ፤
የአካባቢው ፍየል እስካሁን ያወራዋል።

ዓርብ ጠዋት ለፋይሉ ብቻ አንድ ጎጆ ቀለስን።
አምስቱን ቅጂ ሰረዝን፤
ነጂብ የራሱን ሲሰርዝ ዓይኑን ጨፈነ።
በየቤቱ የቀረው አንድ መስመር፦
"ልኬ እዚያ ነው፣ በዚህ ቀን እንደነበረው።"
ማደስ የፈለገ ሚስማሩን ራሱ ይነቅላል፣
ራሱ መልሶ ይመታል።

ሰላም ወረደ አልልም።
ሰኞ ፈቲያ አምስቱንም ሚስማር አንድ ላይ ብታዛውር፣
አንዲት የተረሳች ነጠላ ሰረዝ አምስቱንም ጣለች።
ድሮ ጉንፋናችን በየተራ ነበር፤
አሁን አንዱ ሲያስነጥስ ሰፈሩ ሁሉ "ይማርህ" ይባላል።
ፋርማሲውም ያለው አምና ላይ ተሰቅሎ ነው፤
የድሮ መዝገቡ አዲሱን ልክ አይችልም።
ከጎኑ ስሜን ጻፍኩ፦ "አውቄ ነው፤ ጠይቁኝ።"

እሑድ አባቴ መጣ፣
ደረጃውን ሦስት ቦታ አርፎ።
አሳየሁት፤ ዐሥራ አንድ መስመር።
መነጽሩን አወጣ፤ አላነበበም፤
የስክሪኑን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣
የተሞረደ ብረት እንደሚዳሰስ።
"ኪሱ የሚከተው አለ?"
"የለም።"
"ማን ይነካዋል?"
"ሁለት ሰው አይቶ ከፈቀደ።"
ዝም አለ። ማራገቢያው አቃሰተ።
ከዚያ ባዶውን ግድግዳ እያየ፣
"ሚስማሩን አጥብቀኸዋል?"