የቀኝ ኅዳግ

ደሴ ፒያሳ ላይ፣ ከፋርማሲው ጎን፣ ደረጃ ተወርዶ፣
ሱቄ አለች፤ የጦሳ ጉም ሳይቀር የሚገባባት ማልዶ።
ታፔላዋ "ኅትመትና ኮ" ይላል፤ "ፒ"ዋን ንፋስ ወስዷት፤
ማተሚያዬ አሮጊት ናት፣ ብርድ በነካት ቁጥር ሳል የሚነሣባት።

ጋሽ ይመር ገባ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከቢስቲማ ተሳፍሮ፣
አቧራውን አራግፎ፣ ስልኩን ፈታ ከመሐረብ ቋጠሮ።
"ዘምዘም ልጄ አለፈች፤ ኮሌጁ ስሟን አወጣ ኢንተርኔት ላይ፤
በስልክ አናይም አሉኝ፤ ነገ በወረቀት ነው የምናይ።"

"ሁለት ደቂቃ ነው" አልሁት። ሁለት ደቂቃ!
ማተሚያዋ ሰማች መሰል፣ ሳለች ሆዷን አጥብቃ።

የመጀመሪያው ወረቀት ወጣ፤ የጫማ ማስታወቂያ፣ ቀይ ቦት፣
የገጹን ግማሽ ይዞ፣ እንደ ባለርስት ተንሰራፍቶበት።
ሁለተኛው ባዶ።
ሦስተኛው ፊደል የለው፤ ሣጥን ነው፣ ሣጥን በሣጥን፤
"ሀ"ም ሣጥን፣ "ፐ"ም ሣጥን።
ጋሽ ይመር ገልበጥ አድርጎ አየው፤ "ቀፎ ነው የደረደርህልኝ፤
ማሩን የት ብዬ ልፈልገው? አንድ ፊደል አውጣልኝ።"

ፎንቱን ጫንሁ፣ ገጹን አደስሁ፣ የጫማውን ሰውዬ ዘጋሁ፤
አራተኛው ሲወጣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁ፦
"ተራ ቁጥር አርባ አንድ። ዘምዘም—"
ከዚያ ወዲያ የለም።
ከዘምዘም ቀጥሎ ጠርዝ፣ ከጠርዙ ቀጥሎ አየር ነው።
ሠንጠረዡ ሰፋ፣ ወረቀቱ ጠበበ፣ ቀኝ ኅዳጉ ቆረጠው፤
የይመርን ስም ነክሶ፣ የሙሔን ጨምሮ ዋጠው።

ጣቱን አሳረፈ ካለቀበት ከዚያ ጠርዝ ላይ፤
"እሷ ገባች፣ እኔ ውጭ ቀረሁ" አለ፣ ቀልዱ ከምሬቱ ሳይለይ።
"አባቴ ሙሔ ከተማሪ ዝርዝር ገብቶ አያውቅ፤
ዛሬ ሊገባ ደርሶ፣ ስንዝር አጠረው ይሄ ጨርቅ።"

ወረቀቱን በጎኑ አስተኛሁ፤ ገጹን ወደ ስልሳ አወረድሁት፤
ሙሔ ገባ! ግን ሰናፍጭ አክሎ፣ በመነጽርም አላየሁት።
በፋይል ላስቀምጠው አልሁ፤ አስቀመጥሁ።
መብራት ጠፋ። የኛ መብራት ሲሄድ አይሰናበትም።
ሲመለስ ኔትወርኩን አላመጣውም።
ያስቀመጥሁትን ከፈትሁ፤ ርእሱ አለ፣ ዓርማው አለ፣ ዝርዝሩ ግን የለም፤
ያስቀመጥሁት ቤቱን ነው ለካ፤ ሰዎቹ ውስጡ አልነበሩም።

የቢስቲማ መጨረሻ መኪና ጥሩንባውን ነፍቶ ሄደ።
ጋሽ ይመር አልተቆጣም፤ ከደረት ኪሱ ሜትር ጎተተ።
(ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍቷል፤ ይህን ያኔ ነው የነገረኝ።)
ወረቀቱን ለካ፣ ስክሪኑን ለካ፣ በጥፍሩ አሰመረልኝ፦
"ጨርቅ ሲያጥር ደንበኛ አይመለስም፤ ይቀጠላል እንጂ፤
ግራውን ባንዱ አትም፣ ቀኙን በሌላው፤ ስፌቱ የኔ ነው፣ ልጄ።"

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ኔትወርኩ ሁለት ጥርስ አወጣ፤
ግራው ወጣ።
ቀኙ ወጣ።
ጎንበስ ብሎ መስመሩን ከመስመር ገጠመ፣
በቴፕ፣ ያለ አንድ ሽብሽብ፤ ረድፉን በጣቱ ሄዶ ፈጸመ፦
ዘምዘም
ይመር
ሙሔ።
ስፌቱ የወደቀው በልጅና በአባት መሃል ነው፤
ሰው ካላሳዩት አያየው።

"የሁለት ወረቀት ይክፈሉ" አልሁ። "የስንት አበላሸህ?" አለኝ።
"የስድስት።" "የተበላሸም ጨርቅ ጨርቅ ነው" ብሎ፣ የስምንት ቆጠረልኝ።
ከበሩ ተመለሰ፤ "አራተኛዋን ስጠኝ፣ ያቺን የተቆረጠች።"
"ምን ሊያደርግልዎት?"
"ለዘምዘም ነው። እኔ ሳልኖር ብቻዋን የቆመች
ይቺ ላይ ናት፤ ትልመዳት።"

ጉሙ ደረጃው ላይ ተቀብሎ ዋጠው፤ ማተሚያዋ ሳለች።
በማግስቱ ግድግዳዬ ላይ ለጠፍሁ፣ በእጅ የተጻፈች፦
ከማተምህ በፊት ቀኙን እይ።